ባለፉት 10 ቀናት የት ነበሩ?

ለንደን ውስጥ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት እናስብ። ስም አልሰጣትም፤ የብዙዎች ምሳሌ ናትና። በየካቲት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ዘመዶቿ በሯን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ዘመድ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሐበሻ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። አባቷ አርፈዋል። ትኬት ቆርጣ አዲስ አበባ ገባች፤ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠች፤ ለቅሶዋን አለቀሰች። የመመለሻ ትኬቷ ለመጋቢት 12 ነበር።

መጋቢት 10 ቀን፣ በለንደን ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ እንግሊዝ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ኢትዮጵያን «ቀይ መዝገብ» ውስጥ አስገባች። በዚያው ሰዓት ኳታር፣ ኦማንና ሶማሊያም ገቡ። የልጅቱ ፓስፖርት ትናንት የነበረው ነው፤ ትኬቷም፣ የለንደን ቤቷም፣ ጤናዋም እንዳለ ነው። የተለወጠው አንድ ዝርዝር ላይ የተጨመረ የአገር ስም ብቻ ነው። መጋቢት 9 ቀን አርፋ ቢሆን ኖሮ ወደ ቤቷ ሄዳ፣ በሯን ዘግታ 10 ቀን ትቀመጥ ነበር። መጋቢት 12 ስታርፍ ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው በአጃቢ ተወስዳ መንግሥት በመረጠው ሆቴል፣ በራሷ ወጪ፣ 1,750 ፓውንድ ከፍላ 11 ሌሊት ታድራለች።

ከወረርሽኝ በፊት የድንበር ሹም ጥያቄ «የማን ዜጋ ነዎት?» የሚል ነበር። በወረርሽኝ ጊዜ ግን ይህ ጥያቄ ሁለተኛ ይሆናል። የመጀመሪያው «ባለፉት 10 ቀናት የት ነበሩ?» የሚለው ነው። ይህን ለውጥ ያልተረዳ መንገደኛ የያዘውን ፓስፖርት አምኖ ይጓዛል፤ ከዚያም በሩ ላይ ይደነግጣል። ዜግነት የሚያስገኘው መግባትን ብቻ ነው። እንዴት እንደሚገቡ፣ የት እንደሚያድሩና ስንት እንደሚከፍሉ የሚወስነው የተነሱበትና ያለፉበት መንገድ ነው። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ወይም የአየርላንድ ዜግነት፣ ወይም የእንግሊዝ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ከቀይ አገር ቢነሳ ሆቴሉንም አያገኝም፤ ጭራሽ አይገባም።

ይህ ሁሉ የቀን ቆጠራ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በ1377 እ.ኤ.አ. በአድሪያቲክ ባሕር ዳር ያለችው ራጉዛ፣ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ ወረርሽኝ ካለበት አገር የሚመጣ ሰው ከተማዋ ከመግባቱ በፊት 30 ቀን ውጭ እንዲቆይ ደነገገች። ኋላ በቬኒስ ቀኑ 40 ሆነ፤ ኳራንቲን የሚለው ቃልም የመጣው ከጣልያንኛው «አርባ» ነው። ለእኛም አርባ እንግዳ ቁጥር አይደለም። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በአርባው ነው፤ የሞተ ሰው አርባውም ይወጣለታል። ከሰው ተለይቶ መቆየትም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አማርኛ «ወሸባ» የሚል የቆየ ቃል አለው፤ መድኃኒት የወሰደ ሰው እስኪያገግም ከሰው ዓይን ተሰውሮ የሚቀመጥበት ነው። በኮቪድ ጊዜ ግን በየመሥሪያ ቤቱ የጸናው ስም «ለይቶ ማቆያ» ሆነ።

የቬኒስ አርባ ቀን በልማድና በእምነት የተቆረጠ ነበር። የኮቪዱ 14 ቀን ግን ስሌት አለው። ወረርሽኙ በተነሣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ቫይረሱ ከያዛቸውና ምልክት ካሳዩ ሰዎች ግማሾቹ ምልክቱ የታየባቸው በ5 ቀን ገደማ ውስጥ ነው። ከመቶ ዘጠና ሰባት ተኩሉ ደግሞ በ11 ቀን ተኩል ውስጥ አሳይተዋል። 14 ቀን ላይ ሲደርሱ የሚያመልጠው ከ10,000 ሰው ወደ 100 ነው። 10 ቀን ያለ አገር ትንሽ ተጨማሪ አደጋ ተቀብሏል፤ 14 ያለው ያንን አደጋ በአራት ተጨማሪ ቀን ቀንሶታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሳይንስ ጠብ አይደለም። አንድ መንግሥት ምን ያህል አደጋ እሸከማለሁ ብሎ እንደወሰነ የሚያሳይ ነው።

«ተመርምሬ ነጻ ነኝ የሚል ወረቀት ይዣለሁ፤ ለምን ያቆዩኛል?» የሚለው ቅሬታ በየአውሮፕላን ማረፊያው ተሰምቷል። ቅሬታው ከልብ የመጣ ነው፤ መልሱ ግን የፒ.ሲ.አር. ምርመራው ጠባይ ላይ ነው። ቫይረሱ ወደ ሰውነት በገባ በመጀመሪያው ቀን ምርመራው ምንም አያገኝም። በአራተኛው ቀን እንኳ ከተያዙ 100 ሰዎች 67ቱን ነጻ ናችሁ ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል። ስህተቱ የሚያንሰው በስምንተኛው ቀን ገደማ ነው፤ ያኔም ከመቶ ሃያው ያመልጣል። እንግሊዝ በሆቴሉ ውስጥ በ2ኛውና በ8ኛው ቀን ምርመራ ያዘዘችው እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም። ሰኞ ናሙና ሰጥቶ፣ ማክሰኞ ለስንብት ዘመድ ጋ ቡና ጠጥቶ፣ ረቡዕ የሚበር ሰው በእጁ ያለው ወረቀት ስለ ሰኞ እንጂ ስለ ማክሰኞ አይመሰክርም። ስለዚህ ከናሙናው በኋላ እስከ በረራው ድረስ ከቤት አለመውጣት ከወረቀቱ ባልተናነሰ ይጠብቃል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር ላይ ደርሰናል፤ እሱም ሰዓት ነው።

ኢትዮጵያ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሚገባ መንገደኛ የጠየቀችው ከመድረሱ በፊት ባሉት 72 ሰዓታት የተደረገ ምርመራ ነበር፤ በኋላ 120 ሰዓት ሆነ። እንግሊዝ የጠየቀችው ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ የተወሰደ ናሙና ነው። ሁለቱ ሲሰሙ አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። አንዱ በሰዓት ይቆጥራል፣ ሌላው በቀን። አንዱ የሚቆጥረው ወደሚደርሱበት ሰዓት ነው፣ ሌላው ወደሚነሱበት። በረራው ስድስት ሰዓት ቢዘገይ አንዱ ወረቀት ሊቃጠል ይችላል፣ ሌላው ግን ላይነካ። ናሙናው የተወሰደበትና ውጤቱ የታተመበት ቀንም ይለያያሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ናሙናው የተወሰደበት ነው። ስለዚህ ሕጉን ሲያነቡ ከየት ተነሥቶ እስከ የት እንደሚቆጥር እስኪያገኙ ድረስ አይለፉት።

በዚህ ላይ የእኛ የሰዓትና የቀን አቆጣጠር አለ። የላይኛውን ምሳሌ እንይ። በለንደን ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ያልኩት ፈረንጅ 4 ሰዓት የሚለው ነው፤ በዚያ ቅጽበት አዲስ አበባ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ሆኗል፤ ፈረንጅ እሱንም 7 ይለዋል። አንድ ቅጽበት በአራት ቁጥር ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው። ላቦራቶሪው «3 ሰዓት» ብሎ የጻፈው ጠዋት ይሁን ማታ፣ በእኛ ይሁን በእነሱ፣ የለንደን ሹም ሊያውቅ አይችልም። ከላቦራቶሪው ሳይወጡ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱም በ24 ሰዓት አጻጻፍ መሆኑን፣ ስምዎም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙን ይዩ። የአባትና የአያት ስም ቦታ ተለዋውጦ መጻፉ ለእኛ ምንም አይደለም፤ ለሚያጣራው ሰው ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

የመድረሻው ቀንም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ያረፉበት ቀን «ዜሮ» ነበር፤ አንድ ተብሎ መቆጠር የሚጀምረው በማግሥቱ ነበር። 10 ቀን የተባለው 11 ሌሊት የሆነው ለዚህ ነው። ለአሠሪው «ከአሥር ቀን በኋላ ሥራ እገባለሁ» ብሎ የተናገረ ሰው አንድ ቀን ይጎድለው ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ማረፊያ ነው፤ እግረ መንገድ የሚታለፍ አውሮፕላን ማረፊያ። ቦሌ የአፍሪካ መገናኛ ነው። ከሌላ የአፍሪካ ከተማ ተነሥቶ በቦሌ በኩል ለንደን የሚሄድ መንገደኛ አዲስ አበባን በመስኮት ብቻ አይቶ ሊያልፍ ይችላል። የእንግሊዝ ሕግ ግን ከአንዱ አውሮፕላን ወርዶ ሌላው ላይ የተሳፈረን ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ እንደ ነበረ ቆጠረው፤ ሆቴል ግባ፣ ክፈል አለው። እስራኤል ደግሞ ከሚያዝያ 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከፋሲካ ማግሥት መሆኑ ነው፣ ዜጎቿ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ሰባት አገሮች እንዳይሄዱ ስትከለክል፣ በእነዚህ አገሮች አውሮፕላን ማረፊያ እስከ 12 ሰዓት የቆየን መንገደኛ ነጻ አድርጋዋለች። ከእነዚህ አገሮች የሚመለስ ግን የተከተበም ቢሆን ተለይቶ መቆየት ነበረበት። አንድ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የሦስት ሰዓት ቆይታ ለአንዱ አገር ምንም፣ ለሌላው አሥር ቀን እስር መሰል ኑሮ ሆነ።

በ2013 የጸደይና የበጋ ወራት ከአዲስ አበባ ወደ ለንደን መንገድ ያሰላ ሰው ካርታው ዓይኑ እያየ ሲጠብ አይቷል። ዱባይ ከጥር 21 ጀምሮ ቀይ ነበረች። ዶሃ ከመጋቢት 10፣ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ቀይ ሆነች። ናይሮቢ በሚያዝያ 1፣ ኢስታንቡል በግንቦት 4 ተጨመሩ። ሕጉ የሚቆጥረው ያለፉትን 10 ቀናት ስለሆነ፣ ቀይ ባልሆነ ሦስተኛ አገር 10 ቀን ተቀምጦ ቆጠራውን ማጠብ ይቻል ነበር፤ ሕገ ወጥም አልነበረም። ናይሮቢ ላይ በሰባተኛው ቀኑ የነበረ ሰው ግን አገሪቱ ቀይ ስትሆን የከፈለውም የቆየውም ከንቱ ቀረ። ይህን መንገድ ሲያስቡ «ያ አገርስ ነገ ምን ይሆናል?» ብለው መጠየቅ ግድ ነው፤ መልሱን ደግሞ ማንም አያውቀውም። እኔ አልመክረውም። የአሥር ቀን ሆቴል በሌላ አገር መክፈል፣ ከዚያም ሁለተኛውን ለንደን ላይ መክፈል አቅም ያለውንም ያንገዳግዳል።

መንገዱን መደበቅም ሌላው ፈተና ነበር። የነበረበትን ቀይ አገር ከጉዞው በፊት በሚሞላው ቅጽ ላይ የደበቀ ሰው እስከ 10 ዓመት ሊታሰር እንደሚችል የእንግሊዝ መንግሥት አስታውቆ ነበር። ማኅተሙ በፓስፖርቱ ላይ፣ የጉዞው መዝገብ በአየር መንገዱ ኮምፒዩተር ላይ አለ። ያንን ቅጽ የሚሞላልዎ ልጅዎ ወይም የጉዞ ወኪል ቢሆንም ፊርማው የእርስዎ ነው፤ ከመላኩ በፊት ያንብቡት።

እስካሁን የተናገርኩት ከአገር ስለመውጣት ነው። ወደ አገር መግባቱስ?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። በአሥረኛው ቀን፣ መጋቢት 14፣ በቦሌ የሚገባ ሁሉ 14 ቀን ለይቶ ማቆያ እንዲገባ ተደረገ። መጀመሪያ የተመደቡት ሆቴሎች ስካይላይትና ግዮን ነበሩ፤ ክፍያውም በመንገደኛው ላይ ነበር። ቦሌ ላይ እቅፍ አበባ ይዞ፣ ሚኒባስ ተከራይቶ ዘመድ መቀበል ለለመደ ሕዝብ ያ ቀን ከባድ ነበር። ሻንጣው ወጣ፤ ሰውየው በመስታወት ጀርባ እጁን አውለበለበ፤ አውቶቡስ ወሰደው።

ለለቅሶ የመጣ ደግሞ ነበር። ከቀብር አልደረሰም፤ በሠልስቱም በሰባተኛውም በአሥራ ሁለተኛውም ቀን ሆቴል ክፍል ውስጥ ነው። ከ14 ቀን በኋላ ሲወጣ የቀረው አርባው ነበር። እኛ ኀዘንን የምናወጣው ተሰብስበን ነውና ለብቻው የተዘጋበት ሰው በስልክ ያለቀሰው ለቅሶ ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል። በሰኔ ሕጉ ሲላላና የነጻ ወረቀት የያዘ ሰው ቦሌ ላይ ናሙና ሰጥቶ በቤቱ 14 ቀን እንዲቆይ ሲፈቀድለት ደግሞ ተቃራኒው ችግር መጣ፤ «እንኳን ለአገርህ አበቃህ» የሚል ጎረቤት በሩን ያንኳኳ ጀመር። እንግዳን መመለስ ነውር በሆነበት አገር ራስን ቤት ውስጥ ማግለል ከሆቴል ይልቅ ይከብዳል። በዚያን ጊዜ የሚሻለው ከመምጣት በፊት ለቤተሰቡና ለዕድሩ ሰብሳቢ ቀኑን ቆርጦ መንገር ነበር፤ «እስከዚህ ቀን አትምጡብኝ፣ ከዚህ ቀን በኋላ እኔ እመጣለሁ» ብሎ። በቅድሚያ የተነገረ እንቢታ አያስቀይምም፤ በር ላይ የተነገረ ግን ይቆጠራል።

ስካይላይት የገባው ባለ ትኬት ነው። በዚያው ወር ሌላ ዓይነት ተመላሽም እየገባ ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያ እስከ ሚያዝያ 2012 መግቢያ ድረስ ወደ 3,000 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንን በአውሮፕላን እየጫነች መለሰች፤ የተባበሩት መንግሥታት ማባረሩ ለጊዜው እንዲቆም ጠየቀ። እነዚህ ሰዎች የትኛውን ሕግ እንደሚከተሉ የመምረጥ ዕድል አልነበራቸውም። ተማሪዎቻቸው ወደ ቤት በተሸኙ ዩኒቨርሲቲዎች ማደሪያ ገቡ። ከጅቡቲ በእግርና በመኪና የመጡት በደወሌና በሰመራ፣ ከሱዳን የመጡት በመተማ ቆዩ። ለእነሱ ለይቶ ማቆያው በመንገዳቸው ላይ ከገጠማቸው መከራ ሁሉ ቀላሉ ሳይሆን አይቀርም፤ ቢያንስ አገራቸው ናት። ከ14 ቀን በኋላ በሩ ሲከፈት ግን ባለ ትኬቱ የሚሄድበት ቤት ነበረው፤ ከስደት ባዶ እጁን የተመለሰው ወጣት ግን «ምን ይዘህ መጣህ?» ወደሚል መንደር ነው የሄደው፤ ያውም በሽታ ይዞ መጣ ተብሎ እየተፈራ።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ የመመለስ መብት አለው ይላል። በዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም ማንም ሰው ወደ ገዛ አገሩ እንዳይገባ በዘፈቀደ ሊከለከል አይችልም። ሁሉም አገር ግን ይህን እኩል አላከበረም። አውስትራሊያ በዚያው በሚያዝያ 25 ቀን 2013 ከሕንድ የሚመለሱ የራሷን ዜጎች እስከ 5 ዓመት እስራት በሚያስቀጣ ክልከላ ለሁለት ሳምንት ገደማ አገደች። ኒውዚላንድ የሆቴል ቦታን በዕጣ መሰል አሠራር ስታድል ቆይታ፣ በሚያዝያ 2014 ከፍተኛ ፍርድ ቤቷ አሠራሩ የአንዳንድ ዜጎችን የመግባት መብት ያለ በቂ ምክንያት እንደጣሰ ፈረደ። ኢትዮጵያ በእነዚያ ወራት ዜጋዋን በሩ ላይ አልመለሰችም፤ ይህ ሊነገርላት ይገባል።

ክፍያው ላይ ግን ዝም ማለት አልችልም። አገሮች ሁሉ ማለት ይቻላል የተቀበሉት የ2005ቱ ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ አንቀጽ 40 አለው። ለመኖሪያ ፈቃድ ከሚያመለክቱ መንገደኞች በስተቀር፣ አንድ መንግሥት ራሱ ላዘዘው ለይቶ ማቆያ መንገደኛውን ማስከፈል የለበትም ይላል። አንቀጽ 32 ደግሞ ተለይቶ የሚቆይ ሰው በቂ ምግብና ውሃ፣ ተገቢ ማረፊያና፣ ከተቻለ በሚረዳው ቋንቋ፣ አስፈላጊውን መገናኛ እንዲያገኝ ያዝዛል። በእንግሊዝ የአንድ ሰው ክፍያ ከነሐሴ 6 ቀን 2013 ጀምሮ ወደ 2,285 ፓውንድ፣ አብሮ ላለ ሁለተኛ አዋቂ ደግሞ ከ650 ወደ 1,430 አደገ። ባልና ሚስት ከሁለት ትንንሽ ልጆች ጋር ከኢትዮጵያ ሲመለሱ 3,050 ፓውንድ የነበረው ከ4,300 በላይ ሆነ። ድጎማ ላይ ላሉ በ12 ወር የሚከፈል ውል ነበር፤ ይህን አማራጭ ሳያውቁ የተበደሩ ቤተሰቦች ያሳዝኑኛል። ለሕዝብ ጤና ሲባል የተወሰደ እርምጃ የሚጠቅመው ሕዝቡን ሁሉ ነው፤ ወጪውን ደግሞ አባቱን ቀብሮ የተመለሰው ብቻውን እንዲሸከም ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው። ይህን ስል ለንደንንም አዲስ አበባንም ነው።

ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ ቀይ መዝገብ የወጣችው ጥቅምት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ እንዲህ ያለ መዝገብ የለም፤ ሆቴሎቹም ወደ እንግዳቸው ተመልሰዋል። ሕግ ግን የሚሻሻለው ሰው ተረጋግቶ በሚያስብበት በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። የምትኖሩበት አገር የሕዝብ እንደራሴ ለድምፃችሁ ሲመጣ፣ ወይም የኢምባሲ ሰዎች ማኅበረሰቡን ሲሰበስቡ፣ ስለ አንቀጽ 40 ጠይቁ። ለሚቀጥለው ጊዜ ማን ይከፍላል? መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ።